የጥንቃቄ ዋጋ፦ ሥነ ምግባርና ሃላኻ በቤተ እስራኤል ጉዳይ

አያቴ በጎንደር ገጠር ሳለች፣ በየወሩ ከመርገም ጎጆ ወጥታ ወንዝ ወርዳ ሳትጠልቅ ወደ ቤቷ አትመለስም ነበር። ጎረቤቶች የመንጻት ሥርዓታቸውን አይተው ወገኖቿን «አትንኩኝ» ይሏቸው ነበር። እስራኤል እንደ ገባች ግን አይሁዳዊነቷ ይጸና ዘንድ እንደገና በውሃ እንድትጠልቅ ተጠየቀች። «ከምኑ ልነጻ?» አለች። ይህ ጥያቄዋ ለጥናቴ መነሻ ሆነኝ።

እ.ኤ.አ. በ1973 የሴፋራዲም ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን በግብፅ ይዳኙ የነበሩትን የረቢ ዳዊት ቤን ዚምራን ብያኔ ተከትለው፣ ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የሆኑ አይሁድ ናቸው ሲሉ ወሰኑ። ሌሎች ሊቃውንት ግን ማኅበረሰቡ በኦሪት እንጂ በታልሙድ ስላልኖረ፣ ለዘመናት የፈጸመው ጋብቻና ፍቺ ጥርጣሬ ያስነሣል አሉ፤ ለጥንቃቄም የመጥለቅ ሥርዓት ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1985 ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ይህን ተቃውመው በኢየሩሳሌም በዋናው ረቢነት ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀመጡ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩን ርኅራኄ ከሕግ ጋር የተጋጨበት አድርጌ አየሁት። በጥልቀት ስመረምረው ግን ሁለቱም ወገኖች በአንድ ሕግ ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው። ሃላኻ በጥርጣሬ ጊዜ ማጥበቅን እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ስለ ሰው ክብር ሲባል አንዳንድ ክልከላዎች እንደሚላሉም ታልሙድ ያስተምራል። ረቢ አሮን ሊክተንስታይን እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ ከሃላኻ ውጭ የቆመ ሥነ ምግባር መኖሩን ጠይቀው፣ መልሱ ለሃላኻ በምንሰጠው ስፋት እንደሚወሰን አሳይተዋል። በጠባቡ ከተረጎምነው ከድንጋጌው ያለፈ ግዴታ ይቀረናል፤ በሰፊው ከተረጎምነው ግን ያ ግዴታ ራሱ የሕጉ አካል ነው።

የአጥባቂዎቹ አሳብ ቀላል አይደለም፤ የልጅ ልጆች ጋብቻ ከጥርጣሬ እንዲድን ፈልገዋል። ሆኖም ሰው በራሱ ላይ የሚያጠብቀውና በሌላው ላይ የሚያጠብቀው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ትጋት ነው። የሁለተኛውን ዋጋ የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው ስለሆነ፣ ዳኛው ያን ዋጋ ከብያኔው ውስጥ ሊያስገባው ይገባል። ይህም ከውጭ የመጣ ምሕረት ሳይሆን የዳኝነቱ ሥራ ነው።

አያቴ በመጨረሻ የሴት ልጇ ጋብቻ እንዳይሰናከል ብላ ጠለቀች። ስለዚያች ቀን ዳግመኛ አልተናገረችም።