ከኦክስፎርድ ለእትዬ

ኦክስፎርድ፣ እንግሊዝ
ጥቅምት

ውድ እትዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? የመጣሁበት ሥልጠና ለንደን ላይ አለቀ። ወደ አገር ከመመለሴ በፊት ጥቂት ቀን ስለተረፈኝ በአውቶቡስ ተሳፍሬ ኦክስፎርድ መጣሁ፤ መንገዱ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ብርዱ ገና በጥቅምት አጥንት ዘልቆ ይገባል፤ ዝናቡም ዶፍ ጥሎ አያባራም፣ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ይውላል።

ስለ ከተማዋ ሌላ ጊዜ በሰፊው አጫውትሻለሁ። ቢጫማ የድንጋይ ሕንፃዎቿ፣ በየመንገዱ በብስክሌት የሚጣደፉት ተማሪዎች፣ ጄምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ ያመጣቸው የብራና መጻሕፍት የተቀመጡበት የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት፣ ሁሉም ለየብቻቸው ደብዳቤ ይወጣቸዋል። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ተጋብተው ሕመም ስለለያያቸው አንድ ባልና ሚስት ነው። የኖሩበትንና ያረፉበትን ቦታ ስዞር አንቺንና ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤትሽን ጋሼን እያሰብኩ ነው የዋልኩት።

ሰውየው ሲ. ኤስ. ሉዊስ ይባላል። ልጆቹ «ናርኒያ» የሚለውን ፊልም አይተው ይሆናል፤ ታሪኩን የጻፈው እሱ ነው። ቤልፋስት ውስጥ በ1898 ተወለደ (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ የምጽፍልሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ገና ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ እናቱን ካንሰር ነጠቀው። ከ1925 ጀምሮ ወደ ሠላሳ ዓመት ያህል እዚህ ኦክስፎርድ አስተማረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለ ክርስትና በሬዲዮ ባሰማው ንግግርም አገሩ ሁሉ አወቀው። ኑሮው ከታላቅ ወንድሙ ከዋረን ጋር ነበር። ሁለቱም አላገቡም ነበር፤ ሊያገቡም ይችላሉ ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም።

ቤታቸው «ዘ ኪልንስ» ይባላል፤ ድሮ የጡብ መተኮሻ ምድጃዎች በነበሩበት ቦታ ላይ የተሠራ ስለሆነ ነው። ዛሬም ቀጠሮ ለያዘ ጎብኚ ይከፈታል። ጀርባው ላይ ለጡብ ሥራ አፈር ሲወጣበት ቆይቶ ውኃ የሞላው ኩሬ አለ። ዙሪያው ጫካ ነው፤ የረገፈው ቅጠል ውኃውን ሸፍኖታል።

ሴትዮዋ ደግሞ ጆይ ዴቪድማን ትባላለች። በ1915 ኒው ዮርክ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደች ገጣሚ ናት። በወጣትነቷ ኮሚኒስት ነበረች፤ ኋላ የሉዊስን መጻሕፍት እያነበበች ወደ ክርስትና መጣች። በ1950 ደብዳቤ ጻፈችለት፤ እሱም መለሰላት። ትዳሯ ሲፈርስ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ወደ እንግሊዝ ተሻገረች፤ ትልቁ ዘጠኝ፣ ትንሹ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ሐሳቧ የሰላ፣ ስትከራከር ለማንም የማትመለስ ሴት ነበረች ይላሉ። ከሉዊስ ጓደኞች አንዳንዶቹ አልወደዷትም። እሱ ግን በንባብም በጨዋታም እኩያውን ያገኘው በእሷ ነው። ፊደል እየደረደሩ ቃል የሚሠሩበትን የስክራብል ጨዋታ ሲጫወቱ፣ በየትኛውም ቋንቋ ያለ ቃል ይፈቀድ ተባብለው ነበር አሉ።

የእንግሊዝ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃዷን ሊያድስላት ባለመፈለጉ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1956 ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተፈራረሙ። እኛ አገር ቢሆን «በሰማንያ ተጋቡ» ይባል ነበር። እሱ 57፣ እሷ 41 ዓመታቸው ነው። እሱ ነገሩን ከወረቀት አሳልፎ አላየውም፤ አገሯ እንዳትመለስ የተደረገ የወዳጅ ውለታ ነበር። ከዚያም በኋላ በየቤታቸው ነው የኖሩት።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ጆይ ቤቷ ውስጥ የስልክ ሽቦ ጠልፏት ወደቀች፤ የጭኗ አጥንት ተሰበረ። ሐኪሞቹ ሲመረምሯት ከጡቷ የተነሣ ካንሰር አጥንቷን በልቶት አገኙ። ሉዊስ እንደሚወዳት ያወቀው ሊያጣት መሆኑን ሲሰማ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሊያገባት ፈለገ። የኦክስፎርዱ ጳጳስ ግን ቀድሞ አግብታ የፈታች ስለሆነች አልፈቅድም አሉ። መጋቢት 21 ቀን 1957 ፒተር ባይድ የሚባል ቄስ፣ የሉዊስ የቀድሞ ተማሪ፣ ሊጸልይላት ቸርችል ሆስፒታል መጣ። እጁን ጭኖ ጸለየላት፤ እዚያው አልጋዋ አጠገብ ቆሞም አጋባቸው። የሉዊስ ወንድም ዋረንና የክፍሉ ኃላፊ ነርስ እዚያ ነበሩ። እትዬ፣ ሚዜ የለ፣ ጭፈራ የለ፤ ሙሽራዋ ከትራስ ቀና ማለት ያቅታታል።

ሆስፒታሉ ዛሬም አለ፤ የከተማው የካንሰር ሕክምና የሚሰጠው እዚያው ነው። በበሩ ሳልፍ ሚስቱን በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ ሽማግሌ ወደ ውስጥ ሲገባ አየሁ። ዝናቡ እንዳይመታት ኮቱን አውልቆ ጉልበቷ ላይ ጣል አድርጎላት ነበር፤ እሱ በሹራብ ብቻ ረጥቧል። ጋሼን ለሕክምና ይዘሽ አዲስ አበባ የተመላለስሽባቸው ቀናት ትዝ አሉኝ፤ ጋቢያቸውን እየደጋገምሽ ትከሻቸው ላይ ስትመልሺ፣ እሳቸው ደግሞ «አንቺስ ቁርስ በላሽ ወይ?» እያሉ ሲጠይቁሽ።

ጆይ ወደ ኪልንስ የተወሰደችው ቤቷ ሆና እንድትሞት ነበር። አልጋዋ የተዘረጋው ምድር ቤት ባለው ሳሎን ውስጥ ነው፤ እኔም ክፍሉ ውስጥ ቆሜ አየሁት። ሞቱ ግን በተባለው ጊዜ አልመጣም። በሽታው ጋብ አለ፣ አጥንቷ ጠገነ፣ ዓመቱ ሳያልቅ በከዘራ መራመድ ጀመረች። ለቤቱም ነፍስ ዘራችበት፤ ሁለት ወንደላጤዎች ለዓመታት ችላ ያሉትን ቤት አሳደሰች፣ ቀለም አስቀባች። በ1958 አብረው ወደ አየርላንድ ሄዱ። በዚያው ሰሞን የእሱም አጥንት እየሳሳ ያሠቃየው ጀምሮ ነበር። ሁለት ሕመምተኞች አንድ ቤት ውስጥ ይሳሳቁ ነበር ማለት ነው።

ይህን ስሰማ የእናንተ ቤት ፊቴ ድቅን አለ። አንቺ ጡረታ ከወጣሽ በኋላ ጽዋ ማኅበር ላይ ተዋውቃችሁ፣ «በዚህ ዕድሜ ምን ጉድ ነው» የሚለውን ሁሉ ችላችሁ ስትጋቡ፣ ሰዉ የቆጠረው የቀራችሁን ዕድሜ ነው። ከውስጥ ያለውን ግን እኛ እናውቃለን። ጉልበትሽ አላስቀምጥ ሲልሽ ጋሼ ራሳቸው ረከቦቱ ፊት ተቀምጠው ቡና ይቆሉ ነበር። ምጣዱን እያወዛወዙ፣ ፍሬው እንዳያርርባቸው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ ጭሱን መጀመሪያ ወደ አንቺ ያዞሩ ነበር። ጎረቤት ወንድ ቡና ሲቆላ አይተን አናውቅም ብሎ ሲስቅ እሳቸው ግድም አልነበራቸው። ኋላ መድኃኒቱ የቡና ሽታ ሲያስጠላቸው አንቺ ቤትሽ ውስጥ ቡና ማፍላት ተውሽ፤ ሲያምርሽ ጎረቤት ሄደሽ ጠጥተሽ፣ ሽታው እንዳይከተልሽ ነጠላሽን ውጭ አራግፈሽ ትገቢ ነበር። ትዳር ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ጆይ ላይ በሽታው በ1959 ጥቅምት ላይ ተመለሰባት። ሐኪሞቹ ተስፋ እንደሌለ ነገሯቸው። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው ግሪክን ማየት ነበርና፣ ባልና ሚስቱ ከሌሎች ባልና ሚስት ወዳጆቻቸው ጋር በ1960 ሚያዝያ ሄዱ። በዚያ እግሯ የአቴንስን የአክሮፖሊስ ኮረብታ ወጣች። ሐምሌ 13 ቀን፣ በ45 ዓመቷ፣ አረፈች። ከአልጋዋ አጠገብ ከተጋቡ አራት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም።

አሁን በጣም ልነግርሽ ወደምፈልገው ደረስኩ። ሉዊስ ስለ መከራና ስለ እግዚአብሔር መጽሐፍ ጽፎ ብዙ ሰው ያጽናና ነበር። ሚስቱ ስትሞት ግን ቤት ውስጥ ያገኛቸውን ባዶ ደብተሮች እያነሣ ሐዘኑን እንዳለ ጻፈ። እግዚአብሔርን ተቆጣ፤ በሩን የዘጋበት መሰለው። ሰዎች ስለ እሷ ለማንሳት ሲፈሩ፣ አንዳንዶቹም ሲያዩት ሲሸሹት ታዘበ። ልጆቹ እንኳ የእናታቸውን ስም ሲያነሣ ያፍሩ ነበር። አራተኛው ደብተር ሲያልቅ ለማቆም ወሰነ። ጽሑፉ በ1961 በብዕር ስም ታተመ። ከወዳጆቹም የእሱ መሆኑን ያላወቁ፣ ያጽናናሃል ብለው ያንኑ መጽሐፍ ለራሱ ይሰጡት ነበር።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ልቤን የነካኝ አንድ ሐሳብ አለ። ሐዘን ትዳርን ቆርጦ የሚጥል ነገር ሳይሆን፣ እንደ ጫጉላው ሁሉ የትዳር አንዱ ክፍል ነው ይላል፤ ያንንም ክፍል በታማኝነት መኖር ይገባል። እትዬ፣ አንቺ የምትኖሪው ይህንን ነው። ትዳርሽ ጋሼ ኅዳር ላይ ሲያርፉ አላለቀም፤ ዛሬም እየኖርሽው ነው።

የእኛ አገር ለሐዘንተኛ መልካም ነው። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ሰው ይመጣል፣ ንፍሮው ይቀርባል፣ ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሁሉም በወጉ ይሆናል። ሉዊስ ይህን አላገኘም፤ ደብተሩ ነበር ድንኳኑ። ነገር ግን የእኛም ድንኳን ይነሣል። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ሰው «በቃሽ» ማለት ይጀምራል፤ ዘግይታ ያገባችውንማ ቶሎ ይላታል። የሠላሳ ዓመት ትዳር ላጣች ሴት የሚሰጠውን ያህል ጊዜ ላንቺ አይሰጥሽም። «አብራችሁ የኖራችሁት እኮ ጥቂት ነው» የሚልሽ ሰው ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ የሚናገረው ግን ልክ አይደለም። ዕድሜው ገፍቶ የሚያገባ ሰው ሕመምና ሞት ቅርብ መሆናቸውን እያወቀ ነው የሚያገባው። ይህ ከወጣት ፍቅር የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል እንጂ አያንስም።

ከሰዓት በኋላ መቃብሮቻቸውን ለማየት ሄድኩ። የሉዊስ በሄዲንግተን ኳሪ ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው፤ እሁድ እሁድ ከወንድሙ ጋር ይሳለም የነበረው እዚያ ነው። ጆይን ካጣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 22 ቀን 1963፣ ኬኔዲ በተገደሉበት ዕለት ሞተ። አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ከወንድሙ ጋር ተቀብሯል። ጆይ ግን እዚያ የለችም። አስከሬኗ ተቃጥሎ ነበርና መታሰቢያዋ ሌላ ቦታ፣ የከተማው አስከሬን ማቃጠያ ግቢ ውስጥ ነው፤ ባሏ የጻፈላት ግጥም ሰሌዳ ላይ ተቀርጾላታል። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሬ ሄድኩ። ባልና ሚስት ተለያይተው ማረፋቸው አሳዘነኝ። ጋሼም ከቀድሞ ባለቤታቸው ጎን በመቀበራቸው አንቺ ውስጥ ውስጡን እንደከፋሽ አውቃለሁ፤ ለማንም አልተናገርሽም። የሉዊስና የጆይን አይቼ እንዲህ እልሻለሁ፦ የሚስትነት ቦታሽን የመቃብር ቦታ አይወስነውም። እስከ መጨረሻው እስትንፋሳቸው እጃቸውን የያዝሽው አንቺ ነሽ።

እባክሽ እትዬ፣ ሦስት ነገር እለምንሻለሁ። ማልቀስ ስትፈልጊ «ዓመት ሊሞላ ነው» ብለሽ አትዋጪው። ስለ ጋሼ የምታስታውሺውን ጻፊ፤ የአስተማሪ እጅሽ ጽሕፈት ያምራል፣ ልጆቻቸውም አንድ ቀን ይፈልጉታል። ቡናም ቤትሽ ውስጥ አፍዪ።

ይህን ደብዳቤ ለቤተሰቡ ሁሉ አንብቢላቸው። ለእነሱም መልእክት አለኝ፦ እትዬ ፊት የጋሼን ስም ለማንሳት አትፍሩ፤ እንዳትከፋ ብላችሁ ዝም ስትሉ ብቻዋን ትተዋታላችሁ። በዘመዶቻችን መካከል ዕድሜው ገፍቶ ማግባት የሚፈልግ ሰው ሲገኝም ስንት ዓመት ይኖራሉ ብላችሁ አትቁጠሩበት፤ መርቁት።

ለጋሼ ሙት ዓመት እደርሳለሁ። ድግሱን ብቻሽን አትጀምሪው፤ ገብሱንም ጌሾውንም እኔ ስመጣ አብረን እንገዛለን።

እስከዚያው በደህና ቆዪኝ።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ