ስለ ደሴ ማዕድና ስለ አይጠየፍ አዳራሽ

የአንድን ከተማ ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ግንቡንና ጎዳናውን ይመለከታል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ግንብ የሠሪውን ሀብት ያሳያል እንጂ የነዋሪውን ልብ አያሳይም። የነዋሪው ልብ የሚታወቀው በማዕዱ ነው፤ ይኸውም ምን እንደሚበላ ብቻ ሳይሆን ከማን ጋራ እንደሚበላ፥ ለማንስ እንደሚቆርስ በማየት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን በመልእክት ሄደው በተመለሱ ጊዜ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. አሳትመው የሩቁን ሕዝብ ነገር ለእኛ አስታወቁን። እኔ ግን በመርከብ የሚያስኬድ ጉዳይ የለኝምና፥ ከኖርሁባት ከደሴ ከተማ ተነሥቼ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ በእግሬና በአፌ ያወቅሁትን ለአንባቢ እነግራለሁ።

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፥ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ደጋ ናት። በንጉሥ ሚካኤል ዘመን የተሠራው አይጠየፍ አዳራሽም በእርስዋ ይገኛል። ንጉሥ ሚካኤል አስቀድመው መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር፤ ከ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በ1906 ዓ.ም. በደሴ ነገሡ። እንግዲህ የሁለቱን ሃይማኖት ማዕድ በገዛ ሕይወታቸው ያወቁ ሰው ነበሩ። አዳራሹም አይጠየፍ የተባለበት ምክንያት፥ አባቶች እንደሚተርኩት፥ ግብር በገባ ጊዜ መኳንንቱም ወታደሩም ድኃውም፥ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ጣራ ሥር ይስተናገድ ስለ ነበር ነው።

እኔ የዋድላ ቅኔ ቤት ልጅ ነኝና ስም ሳልፈታ ማለፍ አይሆንልኝም። «አይጠየፍ» የሚለው ቃል ባለቤቱን አይገልጽም። የማይጠየፈው ማን ነው? አዳራሹ ነው እንዳንል እንግዳውም ሊሆን ይችላል፤ እንግዳው ነው እንዳንል ጋባዡም ሊሆን ይችላል። ስሙን ያወጣው ሰው ይህን አስቦት ይሁን አይሁን፥ ቃሉ ግን ሁለቱን ወገን አንድ ላይ አስሮ ይዟል። ጋባዡ እንግዳውን ካልተጠየፈ፥ እንግዳውም ቤቱን ካልተጠየፈ፥ አዳራሹ አዳራሽ ይሆናል፤ ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ግን የሚቀረው ግድግዳና ጣራ ብቻ ነው።

አለመጠየፍ ማለት ግን ሁሉን ቀላቅሎ መብላት ማለት አይደለም። በወሎ ክርስቲያኑ የእስላሙን ሥጋ አይበላም፥ እስላሙም የክርስቲያኑን አይበላም። ስለዚህ ክርስቲያን ልጁን ሲድር ለእስላሞቹ ጎረቤቶቹ በሬውን ወይም በጉን ከነነፍሱ ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም በራሳቸው ቢላዋ አርደው፥ በራሳቸው ድስት ሠርተው፥ በዚያው በሠርጉ ቤት ይበላሉ። እስላሙም ሲድር ለክርስቲያኖቹ እንዲሁ ያደርጋል። ቢላዋው ሁለት፥ ድንኳኑ አንድ ነው።

ከአዳራሹ ወርዶ ሰፈሮቹን የሚዞር ሰው ይህንኑ በስማቸው ያገኘዋል። ፒያሳ የጣልያን ቃል ነው፤ ትርጓሜውም አደባባይ ነው። ጣልያኖች ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ይዘው በ1933 ዓ.ም. ተባረሩ፤ ቃሉ ግን ቀረ። ሸዋ በር የአማርኛ ነው። አረብ ገንዳን የሰማ እንግዳ ከብት የሚጠጣበት ገንዳ ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን በኦሮምኛ ገንዳ መንደር ማለት ነውና፥ የዐረቦች መንደር ማለት ነው። እንግዲህ በአንድ ከተማ ውስጥ ጣልያንኛና አማርኛ፥ ዐረብኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ማንም ማንንም ተነሥ አላለውም።

በ1980 ዓ.ም. ገደማ ተማሪ ሳለሁ አኮፋዳዬን አንግቼ በደሴ ሰፈሮች ቁራሽ እለምን ነበር። አንድ ቀን በአንድ በር ቆሜ እንደ ልማዳችን «በእንተ ስማ ለማርያም» አልሁ። ዕለቱ አረፋ ነበር፤ ቤቱም የእስላም ቤት ነበር። የቤቱ እመቤት ወጥተው አዩኝና «ልጄ፥ የዛሬው ወጥ ለአንተ አይሆንህም፤ ትንሽ ታገሠኝ» ብለው ተመለሱ። በበዓል ቀን፥ እንግዳ ቤቱን ሞልቶት ሳለ፥ ምድጃ ላይ ሽሮ ጥደው፥ በንጹሕ ዕቃ አድርገው ከነእንጀራው አመጡልኝ። እኔ ስለ ጾም ብዙ ተምሬ ነበር፤ የሌላውን ጾም መጠበቅን ግን ከእኒያ እናት ተማርሁ።

ከዚያ ወዲህ ሽሮን ሳስብ በአክብሮት ነው። ሥጋ ሲሆን «ማን ባረከው? ማን አረደው?» ተብሎ ይጠየቃል። ሽሮ ግን ቢላዋ አይሻም። ባቄላውና አተሩ ከደጋ መጥቶ፥ በርበሬው ከቆላ ተጨምሮበት፥ በየትኛውም ቤት ቢሠራ ለየትኛውም ቤት ይሆናል። ቀሪቦም እንዲሁ ነው። ገብሱ እስኪጠቁር ይቆላል፥ በውሃ ይፈላል፥ ተጠሎ ሲበርድ ስኳርና እርሾ ይገባበታል፥ አድሮም ይጠጣል። የማያሰክር ስለ ሆነ እስላሙ በበዓሉ ያቀርበዋል፤ ክርስቲያኑም እንግዳው እስላም በሆነ ጊዜ ከጠላው ጎን ያስቀምጠዋል።

የቡናው ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ ብዙ ክርስቲያን ቡናን «የእስላም መጠጥ ነው» እያለ ይነውረው ነበር። ዛሬ ግን ቄጠማ ያልተጎዘጎዘበት፥ ዕጣን ያልጤሰበት፥ ጀበና ያልተጣደበት የክርስቲያን ቤት ወዴት ይገኛል? የሦስቱም ስኒ ስም ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ አቦል መጀመሪያ፥ ቶና ሁለተኛ፥ በረካ በረከት ማለት ነው። በረካም በግእዝ በረከት ከምንለው ጋራ የአንድ ሥር ልጅ ነው። አያቶቻችን የተጠየፉትን እኛ በረከት ብለን እንጠጣዋለን።

ከደሴ በሐረጎ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ ኮምቦልቻ ይደረሳል፤ የደሴው የቦርከና ወንዝም ወደዚያው ይወርዳል። ብርዱ ይቀራል፥ ነጠላም ይበቃል። ከዚያ መንገዱ አንድ እጁን ወደ ሸዋ፥ አንድ እጁን ወደ ባቲና ወደ አሰብ ይዘረጋል። በባቲ ሰኞ ገበያ አፋሩ ግመሉንና ጨውን፥ ደገኛው እህሉን ይዞ ይገናኛል። በመስከረም 21 ደግሞ ለግሸን ማርያም ንግሥ የሚወጣው ምእመን በዚህ መንገድ ሲያልፍ፥ ውሃና ቁራሽ የሚያቀብለው ሰው ሃይማኖቱ አይጠየቅም።

ይህ ማዕድ በክፉ ቀንም ተፈትኗል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ጎርፎ በየትምህርት ቤቱ በተጠለለ ጊዜ፥ ነዋሪው ከየቤቱ እንጀራና ወጥ እየተሸከመ አበላው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተሞቹን ራሳቸውን ያዛቸው፥ እስከ ኅዳር መጨረሻም ቈየባቸው፤ ትናንት አብይ የነበረውም ተፈናቃይ ሆነ።

አሁን ይህን ሁሉ የማነሣበት ምክንያት አለኝ። በሰፈራችን ቅሬ፥ ማለት ሌላው አገር ዕድር በሚለው ማኅበራችን፥ ኑሮ ስለ ተወደደ «ሁለት ድስት መጣድ አቃተን» የሚል ቃል ተነሥቷል። ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ወገን ጥቂት ጐልማሶች «ይልቅስ ቅሬውን ለሁለት ከፍለን ሁሉም የራሱን ይቅበር» ይላሉ። ክፋት አስበው ነው አልልም፤ ወጪው እውነት ነው። ነገር ግን ዛሬ ድስቱን ለማዳን ድንኳኑን ብንከፍል፥ ነገ ለቅሶውም ይከፈላል፤ ከነገ ወዲያ ልጆቻችን የጎረቤታቸውን ጾም መቼ እንደሚገባ አያውቁም።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፥ ረመዳንም የካቲት 22 ቀን ስለ ገቡ ሁላችን አብረን ጾምን። ጎረቤቴ በማፍጠሪያቸው ሰዓት ሳምቡሳ ሲልኩልን ሥጋ የሌለበትን፥ የምስሩን ለይተው ይልኩልን ነበር። ይህን እውቀት ማንም በመጽሐፍ አላስተማራቸውም፤ በአንድ ድንኳን ተቀምጠው ተማሩት።

ስለዚህ በሚመጣው የቅሬ ስብሰባ የምናገረው ይህ ነው፤ ወጪው ከበደን ከሆነ ሥጋውን እንተው፥ አንድ ድስት ሽሮ ይበቃናል። ለሟቹ ክብር የሚሆነው የሥጋው ብዛት ሳይሆን የቀባሪው ብዛት ነው። አንባቢ ሆይ፥ አንተም ደሴን ለማየት ብትመጣ አዳራሹን ተመልከት፤ ነገር ግን በዚያ አታብቃ። ወደ አንድ ቤት ግባና እስከ በረካው ተቀመጥ፤ አይጠየፍ ዛሬም ቆሞ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ በዚያ ታውቃለህ።