የመጽሐፍ ዕቁብ

«በብዕሩ የሚተዳደር ደራሲ በአገራችን አለን?» የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር አንድ የታሪክ መምህር ትዝ ይለኛል።

በ2003 ዓ.ም. አምስት ሆነን ዕቁብ ጀመርን። የእኛ ደራሲ አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉን የሚያሳትመው ተበድሮ ነው። ያሳተመውን ለአከፋፋይ በዱቤ ይሰጣል፤ አከፋፋዩ ሸጦ ሲከፍል፣ ያውም ከከፈለ፣ ብድሩ ወልዶ ይጠብቀዋል። ከዚህ አዙሪት ለመውጣት እያንዳንዳችን በወር 800 ብር እናዋጣ፣ በየአራት ወሩም ዕጣ የደረሰው 16,000 ብሩን ወስዶ መጽሐፉን ያሳትም አልን። ረቂቁን አምስታችንም እናነባለን፤ መጽሐፉ ሲወጣም አምስታችንም ተሸክመን በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ እንሸጣለን። መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ገጣሚ ነበር። «ግጥም አይሸጥም» ይባላል፤ 1,000ውን ቅጂ በአራት ወር ጨረስነው። አምስት ሰው አምስት መሥሪያ ቤት ያውቃል፤ ምሥጢሩ ይኸው ነበር።

ሦስተኛው ዕጣ ለመምህሩ ደረሰ። የመጣጥፎቹ ስብስብ ከእኛ ሁሉ ሥራ የሚበልጥ ነበር። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ግን ስለ 1997ቱ ምርጫ የተጻፈው ምዕራፍ ካልወጣ እንደማያትም ነገረን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔም ልጆች አሉኝ» አለ። ከተከራከርን ግማሹን ክፍያ ከሽያጭ በኋላ የሚቀበልበት ውለታ ለሁላችንም ይቀራል ማለት ነበር።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል። ምርመራው የተካሄደው በመንግሥት ቢሮ ቢሆን ኖሮ አንቀጹን እንጠቅስ ነበር። የተካሄደው በእኛ የማኪያቶ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሦስታችን «አንድ ምዕራፍ ነው፤ ይውጣ» አልን። ገጣሚው ብቻ ዝም አለ። ዕጣ ካልደረሳቸው ሁለት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ጽሑፉ ውሸት ይሆናል።

የዋልያስ ባንድ ታሪክ ያኔ አልገባኝም ነበር። በዚያ ዘመን የሙዚቃ መሣሪያው የሆቴሉ ወይም የምሽት ክበቡ ባለቤት ንብረት ነበር፤ ሙዚቀኛውም ከመሣሪያው ጋር አብሮ የሚቆጠር ተቀጣሪ። ዋልያሶች ግን መሣሪያቸውን ራሳቸው ገዙ። በአዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት ሲጫወቱ ከባለሆቴሉ ጋር የሚነጋገሩት፣ ቢከፋቸው ኪቦርዳቸውን ተሸክመው መውጣት እንደሚችሉ ሰዎች ነበር። ይህም ቢሆን ዘላለማዊ ዋስትና አልሆነም፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ለትርዒት ሲሄዱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፤ ኃይሉ መርጊያም በዋሽንግተን ለዓመታት ታክሲ ነዳ። እስከዚያው ድረስ ግን የሥራቸው ጌቶች እነርሱ ነበሩ። እኛ ገንዘባችንን አንድ ላይ አደረግን፤ ማተሚያው ግን የሰው ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንባል ያደግን ነን፤ ድሩ የሚፈተልበት እንዝርት የማን እንደሆነ የጠየቀ ግን ከመካከላችን አልነበረም።

መምህሩ አልተቆጣም። «ገንዘቡን ለሚቀጥለው ስጡት» ብሎ ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ ስብሰባ ላይ አልመጣም። ወርኃዊ 800 ብሩ ግን አንድም ቀን ሳይዘገይ በተማሪ እጅ እየታሸገ ይመጣ ነበር። በዚያ ገንዘብ ጭምር የእኔ መጽሐፍ ታተመ፤ ተሸጠም፤ የሰባት ወር የቤት ኪራይ ከፈልሁበት። በብዕሬ የኖርሁት ያን ያህል ነው።

የመጨረሻው ዕጣ በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ለእርሱ ሲደርስ ረቂቁን በፎቶ ኮፒ አባዝቶ በነጻ አደለው። አንድ ቅጂ ለእኔም ላከልኝ፤ ምዕራፉ አለበት። የእኔ መጽሐፍ የምስጋና ገጽ ላይ ስሙ ሁለተኛ ተጽፏል። ሳላስፈቅደው ነው ያስገባሁት።