ሼክ ኑር ሰፈር፣ ሐርጌሳ፤ የዕቃ ፍለጋ ሰሞን

ጥቅምት 24 ቀን 2017፣ እሑድ

ቤት ከቀየርኩ ወዲህ ሌላው ሁሉ ይቆይ ብዬ የቡናውን ጥግ አስቀደምኩ። ከጅጅጋ ያመጣኋቸው ጀበናና ሲኒዎች አሁንም ካርቶን ላይ ናቸው። የቀረኝ ዝቅ ያለ መቀመጫ፣ የዕጣን ማጨሻና ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል ፋኖስ ነው። ሦስቱም የድሮ መልክ ያላቸው እንዲሆኑ እፈልጋለሁ። ፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና መጠጣት ከሐኪም ቤት ወረፋ አይለይብኝም።

በባጃጅ ወደ መሀል ከተማ ወረድኩ። ዋሄን ገበያ መጋቢት 2014 ላይ ከተቃጠለ ወዲህ የድሮ ደንበኛን ሱቅ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። የገባሁበት ሱቅ በአሮጌ መልክ የተሠራ አዲስ ዕቃ ሞልቶታል፤ የሸክላ ማጫወቻ የሚመስል ብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ፣ ጣት እያስገቡ የሚያዞሩት የሚመስል ስልክ፣ ፊትና ኋላው የሚቆጥር የባቡር ጣቢያ ሰዓት፣ አበባ የተሳለበት የብረት ማንቆርቆሪያ። ከዱባይ በበርበራ ወደብ በኩል ነው የሚገባው። ፋኖሱም አለ፤ ክሩ ያለበት ቦታ ላይ ግን በባትሪ የሚበራ አምፖል ተተክሏል። 12 ዶላር አለኝ።

በአሮጌ መልክ በተሠራ አዲስ ዕቃ ጥል የለኝም። ማንቆርቆሪያው ሻይ ካፈላና ካላንጠባጠበ፣ ሞዴሉ የአያቴ ዘመን ቢሆን እሰየው። የሚያናድደኝ አውቆ የተፋቀው ነው። ጠርዙ ላይ ጥቁር ቀለም ቀብተው የተላጠ ያስመስሉታል፤ ዝገት ሳይቀር በብሩሽ ይስላሉ። ነሐስ ነው ለሚሉኝ ደግሞ ከቦርሳዬ ማግኔት አወጣለሁ። ከያዘው ብረት ላይ የተቀባ ነው ማለት ነው። ሻጩ ማግኔቱን ሲያይ ሳቀና ዋጋውን ራሱ ቀነሰ። ያም ሆኖ አልገዛሁም።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ አከራዬ ጋ ሻይ ጠጣን። ሀበርያር፣ አክስቴ እንደማለት፣ ነው የምላት፤ ሁሉም የሰፈሩ ልጅ እንደዚያ ነው የሚጠራት። የፋኖሱን ፎቶ አሳየኋት። ስልኩን ራቅ አድርጋ አየችውና፣ «የእናቴ ፋኖስ እንደዚህ ነበር። የእሷ ግን ያጨስ ነበር» አለች።

ከዚያ ወሬው ወደ 1980 ዓ.ም. ሄደ። ሐርጌሳ በዚያድ ባሬ አውሮፕላኖችና መድፎች ስትደበደብ በእግር ወደ ኢትዮጵያ ከተሰደደው ሕዝብ መካከል ነበረች። አማርኛዋም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው፤ ሐርታ ሼክ፣ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልቁ ይባል በነበረው የስደተኞች ሰፈር፣ ኋላም ጅጅጋ ኖራለች። ስትመለስ ቤቷ ግድግዳው ብቻ ቆሞ አገኘችው። በርና መስኮቱ ተነቅሏል፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ሳይቀር ተጭኖ ሄዷል።

እንግዲህ በዚህ ከተማ የእውነት አሮጌ የቤት ዕቃ ለምን እንደማይገኝ መልሱ ይኸው ነው። ሌላ አገር ሰው ሲሞት ወይ ቤት ሲለቅ ከሣጥን ውስጥ የሚወጣው ዕቃ ገበያ ይደርሳል። እዚህ ሣጥኑም አልተረፈ። የተረፈው ሰው በጀርባው የተሸከመው ነው፤ እሱ ደግሞ ገበያ አይወጣም።

የሀበርያር ሀን በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤ ከሥር ገመድ ተፈትሎ የተሠራ የወተት ዕቃ ነው፤ ውሃ ይዘውበት ነው የተሰደዱት። እየቀለድኩ «ትሸጪልኛለሽ?» አልኳት።

«ልጄ፣ እሷን ሸጬ ምን ልገዛባት?»

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

የምርጫ ቀን። ሱቅ ዝግ ነው። ሰልፉ ከንጋት ጀምሮ ረጅም ነው፤ የዋዳኒ ፓርቲ ብርቱካንማ ቀለም ሰፈሩን ሞልቶታል። እኔ የማይመለከተኝ ሰው ስለሆንኩ ቤት ዋልኩ።

ባለፈው ገበያ ያየሁት የቁልፍ መያዣ ትዝ አለኝ፤ ካሴት ይመስላል፣ ክሩ ሳይቀር ተስሎበታል። እዚሁ ከተማ የሐርጌሳ የባህል ማዕከል ውስጥ ደግሞ ከ10 ሺህ በላይ እውነተኛ ካሴት ተቀምጧል። የሬዲዮ ሐርጌሳ ሰዎች ከድብደባው ለማዳን መሬት ውስጥ ስለቀበሯቸው የዘፈን ክሮች ያልሰማ የለም። የቁልፍ መያዣውን የሚገዛው ልጅ ካሴት በእርሳስ አጠንጥኖ አያውቅም፤ ቢሆንም መልኩን ወዶታል። አልፈርድበትም።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ዛሬ ውጤት ነበረው። ዳብቃድ ገዛሁ፤ የዕጣን ማጨሻውን እዚህ እንደዚያ ነው የሚሉት። ጥሩው በማዕከላዊ ሶማሊያ ከኤል ቡር ከሚወጣ ነጭ ለስላሳ ድንጋይ ይፈለፈላል። ሲያነሱት ይቀልላል፤ ከሥሩ በጥፍር ሲፍቁት ነጭ ዱቄት ይሰጣል። ከሲሚንቶ የተሠራው ግን ይከብዳል፤ ቀለሙም እጅ ላይ ይቀራል። የሚሸጡት ሴትዮ ስፍቅ ዝም ብለው አዩኝና፣ «ፍቂ፣ ፍቂ፣ እኔ የምደብቀው የለም» አሉ፤ በሶማሌኛ።

ሀንም ነበራቸው፤ ዛጎል የተሰካበት፣ ለሳሎን ጌጥ የተሠራ። አፉን ከፍቼ አሸተትኩ። ወተት የያዘ ዕቃ በጭስ ይታጠናል፤ እኛ በወይራ እንደምናጥነው። ይኼ የሚሸተው ቫርኒሽ ብቻ ነው፤ ወተት ገብቶበት አያውቅም። ሴትዮዋም ጌጥ ነው እንጂ አሮጌ ነው አላሉኝም። ዋጋውም የጌጥ ዋጋ ነው። እንዲህ ያለ ንግድ ደስ ይለኛል።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ኅዳር ሚካኤል። ጠዋት እናቴ ከደሴ ደወለች። «እዚያስ ታጥናላችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ፣ በዚህ ቀን ቆሻሻና አሮጌ ነገር ከየቤቱ እየወጣ ይቃጠላል። ልጅ ሳለሁ የተቀደደ ሰፌድ፣ ክዳኑ የጠፋ መሶብ፣ የነቀዘ በርጩማ ጥለን እሳት ዘለናል። አሁን የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ለካፌዋ ግድግዳ ያረጀ ሰፌድ በገንዘብ ትገዛለች። እናቴ ይኼን ስትሰማ፣ «ታዲያ ቀድማ ብትነግረኝ ኖሮ አቆይላት ነበር» ብላ አረፈችው።

እዚህ ለመታጠን ኅዳር አይጠበቅም። ዕጣኑ የአገሩ ነው፤ ከኤሪጋቮ በኩል ከሳናግ ተራሮች ይመጣል፤ ማታ ማታ ሼክ ኑር በየበሩ ይሸታል። የእኔም ዳብቃድ ዛሬ ሥራ ጀመረ።

ከሰዓት ጋምበሩን አመጣሁ፤ አራት እግር ያለው፣ ቆዳ የተወጠረበት ዝቅ ያለ በርጩማ ነው። አናጺው በአሮጌው ልክ አዲስ የሠራው ነው፤ አስረጅቶ ሊሸጥልኝም አልሞከረም። 25 ብሎ በ18 ዶላር ተስማማን፤ እዚያው ቆሜ በስልክ፣ በዛድ ላክሁለት። ፋኖሱን ተውኩት፤ ክር ያለው እስካገኝ ግድግዳው ባዶ ይሁን።

ሀበርያር ቡና ልትጠጣ መጣችና ተቀመጠችበት። ቆዳውን በጣቷ መታ መታ አደረገች። «ፍየል ነው» አለች፤ «12 ይበቃው ነበር። ሁለተኛውን ስትገዢ እኔ ነኝ የምሄደው፤ አንቺ አፍሽን አትክፈቺ፣ አማርኛሽን ሲሰሙ ይጨምራሉ።»

ቅዳሜ ልንሄድ ተቀጣጥረናል።