ስለ ጥምቀተ ባሕራችን ሜዳ

በየዓመቱ ጥር 10 ቀን፥ በከተራ ዕለት፥ ታቦታቱ ከየአጥቢያቸው ተነሥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፥ እኛ የደምበጫ ሰዎች ሜዳው መኖሩን እናስታውሳለን። የመጨረሻው ታቦት በእልልታ ተሸኝቶ ወደ መንበሩ ከገባ በኋላ ግን እስከሚመጣው ዓመት ድረስ እንረሳዋለን። ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ከረሱት ሰዎች ፊተኞቹ እኛ ነንና።

በትልልቅ ከተሞች «መናፈሻ» የሚባለው ነገር ለእኛ ይኸው ሜዳ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ሽማግሎች ከዋርካው ሥር ተቀምጠው የተጣላ ያስታርቁበታል፤ በገበያ ቀን ከገጠር የመጣ ሰው አህያውን ያሳርፍበታል። በልጅነታችን ሰርዶው እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ስለ ነበረ፥ እናቶቻችን በባዶ እግራቸው ቆመው ሲያስቀድሱ እግራቸውን የሚወጋቸው ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን በሐምሌ ቀይ ጭቃ፥ በጥር ቀይ አቧራ ነው። ከበዓል ስንመለስ ነጠላችን የሸክላ መልክ ይዞ ይገባል። (ነጠላውን የሚያጥቡት ሴቶች ስለ ሆኑ፥ በማኅበራችን ጉባኤ ላይ ይህ ጉዳይ ለብዙ ዓመት አልተነሣም።) በታቦቱ ፊት ወጣቶች ቀይ ምንጣፍ እየጠቀለሉና እየዘረጉ ሲሮጡ ማየት ደስ ያሰኛል፤ ምንጣፉ ከተነሣ በኋላ ከሥሩ ያለው መሬት ምን እንደ ሆነ ግን የሚመለከት የለም። ዩኔስኮ በዓለ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. ከማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች ጋር መዝግቦታል፤ ነገር ግን የተመዘገበው በዓሉ እንጂ ሣሩ አይደለም።

ባለፈው ዓመት የጽዋ ማኅበራችን አባላት ስለዚሁ ነገር ተነጋገርን። «ኮብልስቶን ይነጠፍበት» ብለን ፊት የተናገርን እኛ ነበርን። ይህ የድንጋይ ንጣፍ በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን ባለሙያዎች እርዳታ በአገራችን ከተሞች ከተጀመረ ወዲህ ብዙ መንደር ከጭቃ አውጥቷልና፥ ለሜዳውም መድኃኒት መሰለን። አንዳንድ ወጣቶችም «በ2013 ዓ.ም. ታድሶ የተከፈተውን የአዲስ አበባውን መስቀል አደባባይ አላያችሁምን?» አሉ። ከመካከላችን የተቃወሙት መሪጌታ ብቻ ነበሩ። «እናንት ልጆች፥ መሬቱ ዝናሙን ይጠጣዋል፤ ድንጋዩ አይጠጣውምና ውኃውን ወዴት ልትሰዱት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። እኛም «የኔታ፥ እርስዎ አይጨነቁ፤ ባለሙያ አለ» ብለን በትሕትና ዝም አሰኘናቸው።

ገንዘብ አዋጥተን፥ ከመግቢያው እስከ ገንዳው ድረስ ያለውን መተላለፊያ አስነጠፍን። ገንዘቡ ስላነሰ ቦዩን ለከርሞ አስተላለፍነው። ጥፋታችንም ይህ ነበረ። ድንጋዩ የሚነጠፈው በአሸዋ ላይ ነውና፥ ዳር ዳሩን የሚይዝ ጠርዝና ውኃውን የሚቀበል ቦይ ከሌለው፥ ጎርፍ አሸዋውን ከሥሩ ጠርጎ ያወጣዋል። ሰኔ ገብቶ የጎጃም ዝናም ሲወርድ፥ ቀድሞ በሜዳው ሁሉ ተበትኖ ይሰርግ የነበረው ውኃ በንጣፉ ላይ ተሰብስቦ እንደ ወንዝ ወረደ። በነሐሴ ከሜዳው በታች ሰው የሚውጥ ቦረቦር ተከፈተ፤ በዚያ በኩል የሚኖሩ የአንዲት ባልቴት አጥር ወደቀ፤ ጠላ ጠምቀው የሚተዳደሩበት የጌሾ ተክላቸውም ሥሩ ተራቁቶ ቀረ።

ይቅርታ ልንጠይቅ ከነሚስቶቻችን ሄድን። ባልቴቲቱ ቡና አፍልተው ተቀበሉን። «ልጆቼ፥ ለታቦቱ ብላችሁ ያደረጋችሁት ነው፤ እኔ ምን እላለሁ?» አሉን። ቢቆጡን ይሻለን ነበር። ከእነዚያ ሲኒዎች ቡናው እንዴት እንደ ወረደልን እኛ እናውቃለን።

ከዚያ ወዲህ ስለ መስቀል አደባባዩ ስናስብ፥ እርሱ በብዙ ገንዘብ፥ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያና የውኃ መውረጃ ተሠርቶለት የተነጠፈ የከተማ አደባባይ መሆኑን አስተዋልን። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የጃን ሜዳ ታሪክ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛውሮ፥ የጥምቀቱ ሜዳ በጭቃና በቆሻሻ ተሸፈነ፤ የ2013ቱ ጥምቀት ሲቃረብ ገበያው ተነሥቶ ሜዳው በዘመቻ ተጠረገ። ወረርሽኙ ሰበብ ሆነ እንጂ፥ በዓሉ ካልቀረበ ስለ ሜዳ የማንጨነቅ መሆናችን በአዲስ አበባም በደምበጫም አንድ ነው።

በዚህ ክረምት ንጣፉን ሳናነሣ በግራና በቀኙ ቦይ ቆፈርን። ቦዩ ጎርፉን ወደ ቦረቦሩ ሳይሆን ዞሮ ወደ ወንዙ እንዲወስደው አደረግን። የቀረውን ሜዳ ለሰርዶ ተውነው። ሰርዶ ዘር አይጠይቅም፤ ሥሩን ከነአፈሩ ቆርጦ በሐምሌ እርጥበት መትከል ይበቃል፤ አንጓው መሬት በነካበት ሁሉ ሥር ይሰዳል። የሚጠይቀው ዕረፍት ነው። ስለዚህ ሜዳውን እስከ መስከረም መጨረሻ በእሾህ አጥረን ከለከልን። የከብት ባለቤቶች ተቆጡ፤ ሣሩን አጭደው እንዲወስዱ ከተፈቀደላቸው በኋላ ግን ጥቂቶቹ ታረቁ። ለልጆቹ አንድ ጥግ ለኳስ ትተንላቸዋል፤ እነርሱ ግን አጥሩን በየማታው እየሾለኩ ያልፋሉ፤ ልንቆጣቸውም አልቻልንም፥ እኛም በልጅነታችን ያንኑ እናደርግ ነበርና።

መሪጌታ አንድ ቀን መጥተው ቦዩን በመቋሚያቸው እየለኩ ከዳር እስከ ዳር ተመላለሱ። «ጥልቀቱ ያንሳል» ብለውን ሄዱ። እኛም በማግሥቱ አንድ ክንድ ጨመርን።

የዘበኛው ደመወዝ ለሦስት ወር ብቻ ተከፍሏል፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደሚከፍል ማኅበሩ ገና አልተስማማም። የባልቴቲቱን አጥር ጠግነናል፤ በጌሾው ሥር ግን አፈሩ አልተመለሰም። በሚመጣው ቅዳሜ ከማኅበርተኞች ዘጠኙ አፈር በአህያ ልናመላለስ ተቃጥረናል።