ምዝገባው ካለፈ በኋላ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

አባትሽ ፊት ለፊት መምከር ስለሚከብደው ይህን ጽፎ ሻንጣሽ ውስጥ አስቀምጦልሻል። ወደ አክስትሽ ወደ አዲስ አበባ ስትሄጂ፣ አዳማን ስታልፊ አውጥተሽ አንብቢው።

የ12ኛ ክፍል ውጤት ከመጣ ወዲህ አንገትሽን እንደደፋሽ ነው። በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ያን ዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ያሰቡት በር ተዘጋባቸው። ይህ ሁሉ ልጅ በአንድ ጊዜ ሰነፈ? አባትሽ አያምንም።

የተዘጋ በር የገጠማት ሌላም ልጅ ነበረች። የሯጯን የጥሩነሽ ዲባባን ድል እንጂ አዲስ አበባ የገባችበትን ሰሞን ብዙ ሰው አያነሳውም። እ.ኤ.አ. በ2000፣ የ15 ዓመት ገደማ ልጅ ሳለች፣ ትምህርቷን ልትቀጥል ከበቆጂ አካባቢ ተነሥታ ሄደች። ስትደርስ የትምህርት ቤቱ ምዝገባ አልፏል። አገር ቤት ብትመለስ የሚጠብቃት ትዳር ነበር። እዚያው ቀረች፤ የማረሚያ ቤቶች ስፖርት ክለብ ገብታ መሮጥ ያዘች። በ2003 ፓሪስ ላይ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ሃያ ዓመት አልሞላትም። በ2008 ቤጂንግ ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም ጠቅልላ ወሰደች።

ሰው ይህን ሲያወራ እግሯን ያደንቃል። አባትሽ ደጋግሞ የሚያስበው ግን የተቀበሏትን ሰዎች ነው። ታላቅ እህቷ እጅጋየሁ ቀድማት አዲስ አበባ ነበረች፤ ደራርቱ ቱሉም ዘመዷ ናት። ምዝገባ ያመለጣት ልጅ ማደሪያና መካሪ ባይኖራት ኖሮ በማግስቱ አውቶቡስ ተራ ነበረች። የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴም ቢሆን፣ አባቱ ሩጫውን ባይወዱለትም፣ ታላቅ ወንድሙ ተከዬ ቀድሞት ሯጭ ነበር። ከዚህ ደጋ ወጥተው የተሳካላቸው እነዚህ ሯጮች ቀድሟቸው የወጣ ዘመድ ነበራቸው።

ስለዚህ አክስትሽ ቤት መቀመጥሽን እንደ ውርደት አትቁጠሪው። ብቻዬን ካልኖርኩ አልጎለመስኩም የሚል ሐሳብ በእኩዮችሽ ዘንድ እየበዛ ነው። የመጀመሪያ ደመወዙን ለቤት ኪራይ አስረክቦ ወሩን በብድር የሚገፋ ወጣት ግን ነፃነት አላገኘም። ቆይተሽ ከደባል ጋር ትከራያለሽ፤ አሁን ግን የአክስትሽን ጓዳ እያገዝሽ፣ ወጪ እየተጋራሽ፣ ከተማውን ልመጂ።

ሥራ ስታገኚ ደስታሽ ዓይንሽን እንዳይጋርደው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ መደበኛው ሥራም በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር በጽሑፍ ፈርሞ የመስጠት ግዴታ አለበት። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፣ መብትሽ ነው። በቃል ብቻ ተማምነው ወራት የለፉ ልጆች ዛሬም አሉ።

ገንዘብ ላኪ ብሎ አባትሽ አያስጨንቅሽም። ሲጠብሽ ግን አትደብቂ። እናትሽ ዝምታሽን ከመጥፎ ወሬ ይልቅ ትፈራዋለች። እሑድ እሑድ ማታ ደውይላት፤ የምትፈርሚውንም ወረቀት ሁሉ አስቀድመሽ ለአክስትሽ አሳዪ።

አባትሽ፣ ከአሰላ