ማን አለ?

መጽሐፍን ብቻን ሆኖ ማንበብ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ዓይናማ ግን ጸጋነቱን አያስተውለውም። አንዱን አንቀጽ አሥር ጊዜ ቢመላለስበት የሚሰለች የለም። ምዕራፍ ዘሎ መጨረሻውን ቢያይ የሚታዘበው የለም። ዓይነ ስውር ለሆነው ወዳጄ ግን፣ ከዩኒቨርሲቲ ዘመናችን ጀምሮ፣ መጽሐፍ ማለት ጊዜ ያለው ሰው ማለት ነበር። እኔም ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ቀኑን የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውልና፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሄጄ አነብለታለሁ። ግጥሞቼንም ከማንም በፊት የሚሰማቸው እሱ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት እህቱ ከውጭ አገር ቪክተር ሪደር ስትሪም የሚባለውን የመጽሐፍ ማዳመጫ ላከችለት። ሂዩማንዌር የተባለው የካናዳ ኩባንያ መሣሪያውን መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ስክሪን የለውም፤ ፊቱ ላይ እንደ ስልክ ያሉ የቁጥር ቁልፎች ተደርድረዋል። ወዳጄ በ2 እና በ8 ቁጥር በምዕራፍ ወይም በገጽ መሄድን ይመርጣል፤ በ4 ወደ ኋላ፣ በ6 ወደ ፊት ይጓዛል። የወደደው ቦታ ላይ ምልክት ይተዋል፤ ንባቡን ያፈጥናል፣ ያዘገያል። 5 ቁጥርን ሲጫን የት እንደደረሰ ይነገረዋል። ማታ ለ15 ወይም ለ30 ደቂቃ ሞልቶት ይጋደማል፤ ጊዜው ሲያልቅ መሣሪያው ራሱን ያጠፋል።

«ከሁሉ የወደድኸው ምኑን ነው?» አልሁት።

«‹ድገምልኝ› ማለት ቀረልኝ» አለኝ። ጥቂት ዝም ብሎም፣ «አንተ ስታነብልኝ የት ላይ እንደምትደሰት ድምፅህ ቀድሞ ይነግረኝ ነበር። አሁን የምወደውን ራሴ ፈልጌ አገኘዋለሁ» ሲል ጨመረልኝ።

ደስ አለኝ። ከደስታዬ ሥር ግን ትንሽ ቅናት ነበረች።

ይህ ነፃነት ግን በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ነው። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሆነ መሣሪያው በራሱ ድምፅ ያነባል፤ የእሱ መሣሪያ አማርኛ አይችልም። ስለዚህ አማርኛ መጽሐፍ የሰው ድምፅ ይጠብቃል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው፣ ዓይናማውና ዓይነ ስውሩ ያን መጽሐፍ እኩል አነበቡት። እንዲህ ያለ ዕድል የገጠማቸው መጻሕፍት ግን ጥቂት ናቸው። ዓይነ ስውራን ሊያነቡት በሚችሉት መልክ መጽሐፍ ማዘጋጀትን የሚያቀለው የማራኬሽ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ጸድቋል፤ ኢትዮጵያም በ2020 ተቀብላዋለች። ሕግ በር ይከፍታል፤ ገብቶ የሚያነበው ግን ሰው ነው።

የእኛ ፊደል ደግሞ ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። «ገና» ጠብቆ በዓል ነው፤ ላልቶ ጊዜ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ትርጉሙ የገባው አንባቢ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ወዳጄ ግጥሞቼን ቀድቼ እንድሰጠው ጠየቀኝ። ሌሊት በሬን ዘግቼ ስቀዳ፣ «ከደጄ ማን አለ?» የሚለው ስንኜ ላይ ስደርስ ድምፄ ቆመ። «አለ» ጠብቆ ሲነበብ ደጄ ላይ የቆመውን ሰው እጠይቃለሁ፤ ላልቶ ሲነበብ ደግሞ ከደጄ የተናገረውን። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ተቃቅፈው ይኖራሉ፤ አፍ ግን አንዱን መምረጥ አለበት። እኔ ከመረጥሁለት፣ ብቻውን የማንበብ ጸጋውን መልሼ ልወስድበት ነው።

አንድ ጊዜ አጥብቄ፣ አንድ ጊዜ አላልቼ አነበብሁት። የቀረው የእሱና የ4 ቁጥር ነው።